ሙቀት እየሳበ የሚሟሟ፣ ሙቀት እየሰጠ የማይሟሟ ጨው፦ ሒሳቡ የቱ ጋ ነው የሚያመልጠኝ?

ቀመር ፈላጊ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አዮናዊ ውህዶች መሟሟት በተነሣ ቁጥር የሚጠቀስ አንድ ደንብ አለ፤ «የሃይድሬሽን ኢነርጂው ከላቲስ ኢነርጂው ከበለጠ ጨው ይሟሟል፣ ካነሰ አይሟሟም» የሚል (የመጀመሪያው አዮኖች በውሃ ሲከበቡ የሚወጣው፣ ሁለተኛው ክሪስታሉን ወደ አዮኖች ለማፍረስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ነው)። ደንቡን በቁጥር ልፈትሸው ብል አልያዝ አለኝ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፎርሜሽን ኢንታልፒ ሠንጠረዥ ተነሥቼ ያሰላኋቸው የመሟሟት ኢንታልፒዎች (ጨው ሲሟሟ የሚስበው + ወይም የሚሰጠው − ሙቀት) እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም በኪሎጁል በሞል፦

ሶዲየም ክሎራይድ፦ +3.9
ሊቲየም ፍሎራይድ፦ +4.9
ሲልቨር ክሎራይድ፦ +65.4
ውሃ አልባ ካልሲየም ሰልፌት፦ −18.0
ውሃ አልባ ማግኒዥየም ሰልፌት፦ −91.3

በደንቡ ቢሆን ሶዲየም ክሎራይድ አይሟሟም፣ ካልሲየም ሰልፌት ደግሞ በደንብ ይሟሟል። እውነቱ ግልባጩ ነው። በተጨማሪ ሶዲየም ክሎራይድና ሊቲየም ፍሎራይድ የሚለያዩት በ1 ኪሎጁል ብቻ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው በ100 ግራም ውሃ 36 ግራም ይሟሟል፤ ሁለተኛው 0.13 ግራም። በሞል ሲቆጠር ወደ 120 እጥፍ ልዩነት ነው።

ኢንትሮፒም (የመበታተን መለኪያው) በሒሳቡ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን እዚያም ሌላ ግራ መጋባት አለ። ክሪስታል ፈርሶ አዮኖቹ በውሃ ውስጥ ሲበተኑ ኢንትሮፒ መጨመር የለበትም? ለካልሲየም ሰልፌት ሳሰላው −140 ጁል በኬልቪን በሞል ነው የሚወጣው። ሠንጠረዡ ላይም የማግኒዥየም አዮን ኢንትሮፒ −138 ተብሎ ተጽፏል። ኢንትሮፒ ከዜሮ በታች ይወርዳል እንዴ?

በመጨረሻ፣ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ ሁለቱንም፣ ኢንታልፒውንም ኢንትሮፒውንም፣ የሚለካ ሙከራ ካለ ብትጠቁሙኝ።


ሚዛን (መልስ 1)

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው ደንቡ ነው። ጨው መሟሟት አለመሟሟቱን የሚወስነው ነፃ ኢነርጂ ነው (ባነሰ ቁጥር ጨው ይበልጥ ይሟሟል)፦

ነፃ ኢነርጂ = ኢንታልፒ − (ቴምፕሬቸር በኬልቪን × ኢንትሮፒ)

አብሮ መያዝ ያለበት አንድ ቁጥር አለ፤ 5.7። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነፃ ኢነርጂው በ5.7 ኪሎጁል በተለወጠ ቁጥር የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ (እዚህ፣ በጠገበ ሶሉሽን ውስጥ የሁለቱ አዮኖች መጠን ሲባዛ) 10 ጊዜ ይባዛል ወይም ይካፈላል። ይህን ከያዙ ከታች ያለውን ሁሉ ያለ ካልኩሌተር በግምት መከተል ይቻላል።

ከሶዲየም ክሎራይድና ከሊቲየም ፍሎራይድ ጥንድ እንጀምር፤ ከእነሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳልና። የሶዲየም አዮን ኢንትሮፒ 59.0፣ የክሎራይድ 56.5፣ የጠጣሩ ሶዲየም ክሎራይድ 72.1 ነው። ለውጡ 59.0 + 56.5 − 72.1 = +43.4 ጁል በኬልቪን በሞል። በ298 ሲባዛ 12.9 ኪሎጁል፤ ስለዚህ ነፃ ኢነርጂው 3.9 − 12.9 = −9.0 ኪሎጁል፣ ኮንስታንቱም 38 ገደማ ይሆናል። የ38 ስኩዌር ሩት 6.2 ሲሆን፣ የጠገበ የሶዲየም ክሎራይድ ሶሉሽን በ1 ኪሎግራም ውሃ 6.1 ሞል ይይዛል። (ይህ መገጣጠም የዕድል ነገርም አለበት፤ ሶዲየም ክሎራይድ በሚጠግብበት መጠን ላይ የአክቲቪቲ ኮፊሸንቱ (አዮኖች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ኮንሰንትሬሽኑ የሚባዛበት ማስተካከያ) በአጋጣሚ 1 አካባቢ ነው። ከሌሎች ጨዎች ይህን አይጠብቁ።)

አሁን ሊቲየም ፍሎራይድ፦ የሊቲየም አዮን 13.4፣ የፍሎራይድ −13.8፣ የጠጣሩ 35.7። ለውጡ −36.1። ነፃ ኢነርጂው 4.9 + 10.8 = +15.7 ኪሎጁል፣ ኮንስታንቱ 1.8 × 10⁻³። በሁለቱ ጨዎች መካከል ያለው የነፃ ኢነርጂ ልዩነት 24.7 ኪሎጁል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ኢንታልፒ ያዋጣው 1 ኪሎጁል ብቻ ሲሆን 23.7ቱ በሙሉ የኢንትሮፒ ነው። 120 እጥፉ የመጣው ከዚያ ነው።

ኢንትሮፒ ለምን ይቀንሳል? ክሪስታሉ ሲፈርስ ኢንትሮፒ ይጨምራል፤ ያሉት ትክክል ነው። የተረሳው ውሃው ነው። ትንሽና ቻርጁ ከፍ ያለ አዮን በዙሪያው ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ጨምድዶ ይይዛቸዋል። የማግኒዥየም አዮን ስድስት የውሃ ሞለኪውሎችን በስምንት ገጽ ቅርጽ አጥብቆ ይዞ፣ ከእነሱ ውጭ ያለውንም ንብርብር በከፊል ያሰልፋል። ቀድሞ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሱ የነበሩ ሞለኪውሎች ስለታሰሩ የውሃው ኢንትሮፒ ይወርዳል፤ ይህ ኪሳራ ከክሪስታሉ መፍረስ ከሚገኘው ትርፍ ሊበልጥ ይችላል። ትልልቅና ባለ አንድ ቻርጅ አዮኖች ግን ውሃን አጥብቀው አይዙም። ከሠንጠረዡ ጥቂቶቹን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ነገሩ በዓይን ይታያል፦ ናይትሬት 146፣ ሲዚየም 133፣ አሞኒየም 113፣ አዮዳይድ 111፤ ከዚያ ሊቲየም 13፣ ካልሲየም −53፣ ካርቦኔት −57፣ ማግኒዥየም −138፣ አሉሚኒየም −320 አካባቢ።

ስለ ኔጌቲቩ ቁጥር፦ የአንድ አዮን ኢንትሮፒ ብቻውን ሊለካ ስለማይችል በስምምነት የሃይድሮጅን አዮን በውሃ ውስጥ ዜሮ ተብሎ ተወስዷል፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ አንጻር የተሰጡ ናቸው። −138 ማለት «ከዚያ መነሻ በ138 ያነሰ» ማለት እንጂ ፍጹም ኢንትሮፒው ከዜሮ በታች ነው ማለት አይደለም። ቻርጁ የተመጣጠነ ጨው ሲሰላ በፖዘቲቩ አዮን በኩል የገባው የመነሻ ስሕተት በኔጌቲቩ አዮን በኩል ስለሚጣፋ ውጤቱ አይነካም።

የቀሩትን ሦስት ጨዎች በዚሁ መንገድ ሳሰላቸው እንዲህ ይወጣሉ።

ሲልቨር ክሎራይድ፦ ኢንትሮፒው +32.9 ነው፤ ከሶዲየም ክሎራይድ ብዙም አይርቅም። እዚህ ጥፋተኛው ኢንታልፒው ብቻ ነው። በሲልቨርና በክሎራይድ መካከል ያለው ትስስር ጥርት ያለ አዮናዊ ሳይሆን ኮቫለንት ጠባይ ስላለው ክሪስታሉን ከሚጠበቀው በላይ ያጠብቀዋል። 65.4 − 9.8 = +55.6 ኪሎጁል፣ ኬ-ኤስፒው (የመሟሟት ኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ) 1.8 × 10⁻¹⁰።

ማግኒዥየም ሰልፌት፦ ኢንትሮፒው −209.6 ነው፤ 62.5 ኪሎጁል ያስከፍላል። ኢንታልፒው ግን 91.3 ስለሚከፍል 28.8 ይተርፈዋል። በደንብ ይሟሟል።

ካልሲየም ሰልፌት፦ ኢንትሮፒው −139.7፣ ዋጋው 41.6 ኪሎጁል። ኢንታልፒው የሚሰጠው 18 ብቻ። ሒሳቡ በ+23.6 ይዘጋል። ሙቀት ይሰጣል፣ ግን ዕዳውን አይሸፍንም።

ባሪየም ሰልፌትን ይጨምሩበት፦ ኢንታልፒው +26.3፣ ኢንትሮፒው −102.5። ሁለቱም ተባብረውበታል፤ +56.8 ኪሎጁል፣ ኬ-ኤስፒው 1.1 × 10⁻¹⁰። ከሲልቨር ክሎራይድ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ቢገኝም የመጣበት መንገድ ፍጹም ሌላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመሟሟት ኢንታልፒን ከላቲስና ከሃይድሬሽን ሠንጠረዥ በመቀነስ አያስሉ። የሶዲየም ክሎራይድ ላቲስ 787 ኪሎጁል ነው፤ የ1 ፐርሰንት ስሕተት ወደ 8 ኪሎጁል ይሆናል፣ 8 ኪሎጁል ደግሞ ኮንስታንቱን 25 ጊዜ ያህል ያዛባል። ላቲሱን ከአንድ ሠንጠረዥ፣ ሃይድሬሽኑን ከሌላ መውሰድ የባሰ ነው፤ የሃይድሬሽን ቁጥሮች ለሃይድሮጅን አዮን በተሰጠው መነሻ መሠረት ከሠንጠረዥ ሠንጠረዥ በአሥሮች ኪሎጁል ይለያያሉ። እርስዎ እንዳደረጉት ከፎርሜሽን ኢንታልፒ መነሣት ነው የሚሻለው። ሌላው የተለመደ ስሕተት ኢንትሮፒውን ለ1000 ሳያካፍሉ መቀነስ ነው፤ ነፃ ኢነርጂዎ በሺዎች ኪሎጁል ከወጣ መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ።


ነጭ ኮት (መልስ 2)

ለሙከራው ፖታሲየም ናይትሬት ይውሰዱ። የመሟሟት መጠኑ ከቴምፕሬቸር ጋር በጣም ይለወጣል (በ100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 32 ግራም ያህል፣ በ40 ዲግሪ 64 ያህል)፤ ስለዚህ ተራ ቴርሞሜትር ይበቃል። ሶዲየም ክሎራይድ ለዚህ አይሆንም፤ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ድረስ የሚጨምረው ከ36 ወደ 39 ግራም ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው፦ ባለ 50 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ሲሊንደር (ሙቀት ከሚችል ብርጭቆ)፣ ትልቅ ቢከር ሙቅ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ፣ ሚዛን።

20.0 ግራም ጨው ሲሊንደሩ ውስጥ ያድርጉ፤ ይህ 0.198 ሞል ነው። 15 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩና ሲሊንደሩን በሙቅ ውሃው ውስጥ አቁመው እያማሰሉ የመጨረሻዋ ቅንጣት እስክትጠፋ ያቆዩት። ያውጡት፣ ጠቅላላ መጠኑን ያንብቡ፣ ከዚያ በቀስታ እያማሰሉ እንዲቀዘቅዝ ይተዉትና የመጀመሪያው ክሪስታል የታየበትን ቴምፕሬቸር ይመዝግቡ። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው ይድገሙት። አራት ወይም አምስት ነጥብ ይበቃል።

በእያንዳንዱ ነጥብ ኮንሰንትሬሽኑ 0.198 ለመጠኑ በሊትር ሲካፈል ነው፤ ኮንስታንቱ ደግሞ የእሱ ስኩዌር፤ ሁለቱም አዮኖች እኩል ናቸውና። የኮንስታንቱን ናቹራል ሎጋሪዝም በቁም፣ 1 ሲካፈል ለቴምፕሬቸር (በኬልቪን) በአግድም አድርገው ያስምሩ። ስሎፑ በ−8.314 ሲባዛ ኢንታልፒውን፣ ኢንተርሴፕቱ በ8.314 ሲባዛ ኢንትሮፒውን ይሰጣል።

ለማሳያ ያህል፦ በ25 ሚሊ ሊትር ክሪስታል በ65 ዲግሪ፣ በ40 ሚሊ ሊትር በ40 ዲግሪ ታየ እንበል። ኮንሰንትሬሽኖቹ 7.9 እና 4.95 ሞላር ናቸው። የኮንስታንቶቹ ሎጋሪዝም ልዩነት 0.935፣ የ1/ቴምፕሬቸር ልዩነት 2.36 × 10⁻⁴። ኢንታልፒው 33 ኪሎጁል በሞል ይወጣል። በ40 ዲግሪ ነፃ ኢነርጂው −8.3፣ ኢንትሮፒውም +132 ጁል በኬልቪን በሞል። የሠንጠረዡ ቁጥሮች 34.9 እና 116 ናቸው። ኢንታልፒው ቀረብ፣ ነፃ ኢነርጂው ግን ራቅ ብሎ መውጣቱ የእጅዎ ስሕተት አይደለም፤ በዚህ ኮንሰንትሬሽን አዮኖቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የአክቲቪቲ ኮፊሸንቱ ከ1 በጣም ያንሳል። በሪፖርቱ ላይ ይህን በቁጥር መጻፍ «የሰው ስሕተት ነው» ብሎ ከማለፍ ይሻላል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦

መጠኑን ሲያነቡ ቴርሞሜትሩም ዘንጉም ከውስጥ መውጣት አለባቸው። ተጠምቀው ሳሉ ደረጃውን ከፍ ያደርጉታል፤ ኮንሰንትሬሽኑ አንሶ ይወጣል።

የጨመሩትን ውሃ ደምረው መጠኑን አያስሉ። ጨው ራሱ ቦታ ይይዛል፣ በሙቀት ደግሞ ውሃ ይተናል። ሁልጊዜ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን መስመር ነው የሚያነቡት፤ ያም ክሪስታል ወደሚታይበት ቴምፕሬቸር ሲቃረብ ቢሆን ይመረጣል።

ሶሉሽኑ ሳይነካ ከቀዘቀዘ ከጠገበበት ነጥብ አልፎ ይወርድና ድንገት በአንድ ጊዜ ይረጋል። ያ ንባብ አይጠቅምም። ግድግዳውን በዘንጉ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ መልሰው አሙቀው ይድገሙት። ሁለት ንባቦች በ1 ዲግሪ ውስጥ ካልተስማሙ ሦስተኛ ያስፈልጋል።

ኢንታልፒውን በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ 10.1 ግራም ደቅቆ የተፈጨ ፖታሲየም ናይትሬት በ100 ግራም ውሃ ውስጥ፣ ክዳን ባለው ሁለት ድርብ የፎም ኩባያ ይሟሙ። 0.1 ሞል 3.49 ኪሎጁል ይስባል፤ ለ110.1 ግራም እና ለ4.18 ሲካፈል 7.6 ዲግሪ መውረድ ነው። ኩባያው ከውጭ ሙቀት ስለሚያስገባ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጠብቁ፤ በየ30 ሰከንዱ አንብበው መስመሩን ወደ መቀላቀያው ደቂቃ መልሶ መዘርጋት ብዙውን ያርመዋል። በሶዲየም ክሎራይድ ይህን ቢሞክሩ 0.1 ሞል ከ1 ዲግሪ በታች ነው የሚያወርደው፤ በተራ ቴርሞሜትር ከንቱ ድካም ነው።

ጥንቃቄ፦ ፖታሲየም ናይትሬት ለእሳት ኦክስጅን ያቀብላል። በውሃ ማሞቂያ እንጂ በነበልባል አያሙቁት፤ አልኮልና ወረቀት ከአጠገቡ ይራቁ። የሞቀውን ሲሊንደርም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ይሰነጠቃል። ጨውን አትነው መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።


ዝቃጭ (መልስ 3)

@ሚዛን ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ «ኢንትሮፒው ፖዘቲቭ ከሆነ ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል» የሚል አባባል ይሰማል። ልክ አይደለም። ኮንስታንቱ ሲሞቅ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የኢንታልፒው ምልክት ብቻ ነው። ሙቀት የሚስብ ከሆነ ይጨምራል፣ የሚሰጥ ከሆነ ይቀንሳል። ካልሲየም ካርቦኔት (−13 ኪሎጁል፣ −203 ጁል በኬልቪን) ሲሞቅ ሟሚነቱ ይቀንሳል፤ በማሞቂያ ቱቦ ላይ ድንጋይ የሚጋገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዋናው ግን ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት መለወጡ ነው። ሊቲየም ካርቦኔትም ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ሲሄድ ከ1.5 ግራም ወደ 0.7 ግራም ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ ከሶሉሽኑ ጋር የተቀመጠው ጠጣር የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አያስሉ። ውሃ አልባ ኮፐር ሰልፌት ሲሟሟ 66.5 ኪሎጁል ይሰጣል፤ አምስት ውሃ የያዘው ሰማያዊው ደግሞ 11.7 ይስባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ «ሲሞቅ ሟሚነቱ ይቀንሳል» ማለት ስሕተት ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ የሚገኘው ሰማያዊው ነውና። ሶዲየም ሰልፌት እስከ 32.4 ዲግሪ ድረስ አሥር ውሃ እንደያዘ ሟሚነቱ በፍጥነት ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ውሃ አልባው ይተካውና መውረድ ይጀምራል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ ያሳስታል፤ −44.5 ኪሎጁል የሚባለው ብዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው፣ ሊጠግብ በተቃረበ ሶሉሽን ውስጥ ግን ታሪኩ ይለወጣል፣ ሟሚነቱም ሲሞቅ ይጨምራል።

በእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ያለው ካልሲየም ሰልፌትም በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ውሃ አልባ ሆኖ አይቆይም፤ ጂፕሰም (ሁለት ውሃ የያዘው ካልሲየም ሰልፌት) ነው የሚሆነው። በጂፕሰም ቁጥሮች ደግመው ያስሉት።


ቀመር ፈላጊ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ለጂፕሰም አሰላሁት፤ ሁለቱን የውሃ ሞለኪውሎች በውጤቱ በኩል አስገብቼ ኢንታልፒው −1.1 ኪሎጁል፣ ኢንትሮፒው −87.3፣ ነፃ ኢነርጂው +24.9 ወጣ፤ ኬ-ኤስፒ 4.3 × 10⁻⁵። ስኩዌር ሩቱ 0.0066 ሞላር፣ ማለትም በሊትር 1.1 ግራም ጂፕሰም። የሚለካው ግን 2.6 ግራም ገደማ ነው። ከእጥፍ በላይ መለያየቱ ከምንድን ነው?


ሚዛን

ስሌትዎ ደህና ነው። ቁጥሩ ራሱ ጥሩ ነገር ያሳያል፤ ኢንታልፒው ዜሮ አካባቢ ስለሆነ የጂፕሰም ሟሚነት ከቴምፕሬቸር ጋር ብዙም አይለወጥም፤ በ40 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል።

ልዩነቱ የሚመጣው «ስኩዌር ሩት» ከሚለው እርምጃ ነው። ኬ-ኤስፒው የሚገዛው አክቲቪቲን (ኮንሰንትሬሽኑ በአክቲቪቲ ኮፊሸንቱ ሲባዛ) እንጂ ኮንሰንትሬሽንን ብቻውን አይደለም። ባለ ሁለት ቻርጅ አዮኖች በዚህ መጠን ሲገኙ ኮፊሸንታቸው ወደ 0.5 ይወርዳል፤ 0.0056 ያህል አክቲቪቲ ለማሟላት 0.011 ሞላር ነፃ አዮን ያስፈልጋል። (0.0056 ያልኩት በልኬት ከተገኘው ኬ-ኤስፒ፣ ከ3.1 × 10⁻⁵ ተነሥቼ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ያለው ልዩነት 0.8 ኪሎጁል ብቻ ነው፣ ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ እስከዚያ ይለያያል።) በዚያ ላይ ከሟሟው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ካልሲየምና ሰልፌት ተጣምረው፣ ቻርጅ የሌለው ጥንድ ሆነው ነው ውሃው ውስጥ ያሉት። ይህ ጥንድ በኬ-ኤስፒው ውስጥ አይቆጠርም፣ በሚዛን ግን ይመዘናል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.015 ሞላር አካባቢ ይደርሳሉ።

ቀላል ማረጋገጫ ከፈለጉ ጂፕሰሙን በንጹሕ ውሃና በ1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ ለየብቻ እያማሰሉ አንድ ቀን ያቆዩ፣ ያጥልሉ፣ ካልሲየሙን በኢዲቲኤ (ካልሲየምን አጥብቆ በሚይዝ መለኪያ ኬሚካል) ይለኩ (ፒኤች ከ12 በላይ አድርገው)። በጨዋማው ውስጥ በግልጽ ይበልጣል። ሶዲየም ሰልፌት ቢጨምሩ ግን፣ ሰልፌቱ የጋራ አዮን ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ይቀንሳል። ሲያጠልሉ ፊልተሩ ያሳለፈው ደቃቅ ጂፕሰም ካለ ኢዲቲኤው እሱንም ይቆጥረዋል፤ የመጀመሪያውን ጥቂት ሚሊ ሊትር ጥለው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥርት ያለውን ይውሰዱ።